ከማንጎው ሥር የጠየቅኩት

ከልብስ ማጠቢያችን ጀርባ ካለው ማንጎ አልበላም። ሌሎቹ ይበላሉ። ፍሬው ሲበስል ሲስተሯ በጋውኗ ኪስ ሁለት ሦስት ይዛ ትመጣና አንዱን ወደ እኔ ትወረውራለች።

«እንቺ፣ እስቲ አፍሽ ለዚህ እንኳ ይከፈት!»

እቀልበውና ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሲስተሯ የወለጋ ልጅ ናት፤ ሳቅና ቀልድ አይጠፋትም። ከዛፉ ሥር ምን እንደተቀበረ እንደ እኔ ታውቃለች። «መሬቱ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ እኛም የራሳችንን» ትልና ልጣጩን በጥርሷ ትገፈዋለች።

እኔ የመንጌ ወረዳ ልጅ ነኝ። ቋንቋዬ በርታኛ ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ እሱም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ። መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን አውቀው ነበር፣ እጄን ግን አንድም ቀን አላነሳሁም። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነኝ። አባቴ ፊት ስናገር አፌን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ድምጿን ወንዝ ላይ ጥላው መጣች» ትል ነበር።

ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሲነሳ፣ ከአሶሳ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንኳኖች ተተከሉ። የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። እኔ ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። የኦፕራሲዮኑን አረንጓዴ ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ በበረኪና አጥባለሁ። ሙቅ ውኃ ቀድሞ ከነካው ደሙ አይለቅም። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እጄ ራሱ ተማረው። ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ጨርቅ አያናግርም።

ሐኪሙ የመጣው ከሩቅ አገር ነው። ሽማግሌ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ። አማርኛ ይችል ነበር። ወጣት ሳለ አገሩ ወደዚህ ልኮት፣ በምሥራቅ በኩል በነበረው ጦርነት ወታደር ሲያክም እንደተማረው ነገረን። አማርኛው ግን በዚያ ዘመን ቀርቷል። ሁሉንም ሰው «ጓድ» ይላል። ዘበኛውን ጓድ፣ ሲስተሯን ጓድ፣ እኔንም ጓድ።

«ዶክተር፣ ጓድ እኮ ድሮ ነው የቀረው» አለችው ሲስተሯ አንድ ቀን።

«ማን አስቀረው?»

«ሰዎቹ ራሳቸው።»

«እኔ አልተነገረኝም» አለና ሳቀ።

ስለ ፖለቲካ መከራከር ይወድ ነበር። ሻይ ላይ ሆነው ሌሎቹ ሐኪሞች «ሐኪም ወገን የለውም» ሲሉ ይቆጣል። «ውሸት ነው! እኔ ወገን አለኝ። ወገኔ አልጋው ላይ የተኛው ነው» ይላል። ይህን ለማለት ብቻ ይመስል በየጦርነቱ ዞሯል። የብዙ አገር ስም ይጠራ ነበር፤ አንዳንዱን እኔ አገር መሆኑንም አላውቅም።

አንድ ሕግ ነበረው። ማንንም ሰው፣ ቁስሉ ምንም ቢሆን፣ ራሱን ካወቀ በገዛ አፉ እሺ ሳይል አይቆርጥም። ፎርም ነበረን፤ ሰዉ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ያ አይበቃውም። «ጣት ቀለም ብቻ ነው። ሰውየው ራሱ ይበል» ይላል። ሌሎቹ እስኪሰለቻቸው ይጠብቃል። ለድሃ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንደሚወስንለት፣ እሱ ፊት ግን ይህ እንደማይሆን ይናገር ነበር።

ሁለተኛውን ሕግ የሰጠን ዘበኛው ነው። ዘበኛው የእኛው አገር ሽማግሌ ነው፤ ሰላቱን አያስታጉልም። መጀመሪያ የተቆረጠ እጅ ወደ ማቃጠያው ሲወሰድ አይቶ በሩ ላይ ቆመ። «የሰው ነው። የሰው አይቃጠልም፣ ይቀበራል» አለ። ሐኪሙ ያለ ክርክር ተስማማ፤ እንዲያውም ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ከማንጎው ሥር ይቆፍራል፣ ጨርቅ የእኔ ሥራ ስለሆነ እኔ በነጭ እጠቀልላለሁ። ጸሎት የለውም። አፈር መልሰን ድንጋይ እናስቀምጥበታለን።

አስተርጓሚያችን የነበረው ወጣት ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ያን ሰሞን አንዲት የቆሰለች ሴት በበርታኛ እያለቀሰች ስትጣራ፣ እኔ ሳፋ ተሸክሜ በአጠገቧ ሳልፍ፣ ሳላስበው መለስኩላት። ሐኪሙ ቀና አለ።

«ጓድ፣ ምን አለች?»

«ውኃ» አልኩ በነጠላዬ ውስጥ።

«ይቺ ልጅ ትናገራለች!» ብሎ ጮኸ። ሲስተሯ በሳቅ ሞተች። በማግስቱ አስተርጓሚ ሆንኩ። አልፈልግም ለማለትም ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

ማንጎው ገና አረንጓዴ ሳለ አንድ ቁስለኛ መጣ። የአባቴ እኩያ ነው፣ መንጌ አካባቢ ወርቅ ይቆፍራል። ቁፋሮው እኛ ዘንድ ሲቀንስ ድንበር ተሻግሮ ከዚያ ማዶ ሲቆፍር የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ እግሩን መታው። ሰዎች በቃሬዛ ብዙ ቀን ተሸክመው አመጡት። ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ጠቁሮ ነበር፤ ሽታው ከድንኳኑ ውጭ ይሰማል። እሱ ግን አእምሮው ንጹሕ ነበር። ስገባ ሰላምታ ሰጠኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ፤ አባቴን በዝና አወቀው። «እንግዲያው ልጄ ነሽ» አለ። ታላቅ ወንድሙ ከመንጌ እየመጣ እንደሆነም ነገረኝ።

ሐኪሙ እግሩን አየ፣ ነካ፣ አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ሁሉንም ንገሪው። እግሩ ሞቷል። ከጉልበት በላይ መቆረጥ አለበት፤ ዛሬ፣ አሁን። ካልተቆረጠ ሦስት ቀን አይኖርም። ከዚያ ትፈቅዳለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው።»

ይህን ያነበበ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። እኛ አገር ግን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚነግሩት ሽማግሎች ናቸው። ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ፣ ስለ ማሽላው ይጠይቃሉ፤ ሰውየው ከአመጣጣቸው ራሱ እስኪገባው ይጠብቁታል። ሴት ልጅ፣ ያውም ያላገባች፣ አባቷ የሚሆን ሰው ፊት ቆማ «እግርህ ይቆረጣል» አትልም። እንዲህ ያለ ነገር አፍ ከለቀቀ ራሱ መጥፎ ምኞት ይሆናል።

ሰውየው አፌን ይጠብቅ ነበር። እኔ የእግሩን ጣቶች አየሁ። ወንድሙ ሲመጣ ይነግረዋል፣ እሱ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፤ ብዙም አላሰብኩም። ፈራሁ።

በቋንቋችን እንዲህ አልኩት፦ «አባቴ፣ ሐኪሙ እግርህን ሊያጥብልህ ነው። የተበላሸውን ያወጣልሃል። እሺ ትላለህ?»

«ኢንሻአላህ። እሺ» አለ።

«እሺ አለ» አልኩ።

ሐኪሙ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ገብቶታል?»

«ገብቶታል።»

«ሁሉንም ነገርሽው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

ሰውየውን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወደ ኦፕራሲዮኑ ሲገፉት ሰውየው ዘወር ብሎ ሳቀልኝ።

ከሰዓት በኋላ እግሩን ተቀበልኩ። የእግር ክብደት ያልያዘው ሰው አያውቀውም። እጅ ቀላል ነው፤ እግር ግን እንደ ተኛ ሕፃን ይከብዳል፣ ክንድ ላይ ይለጠፋል። ጭኑ ገና ይሞቅ ነበር። ተረከዙ ላይ የጉድጓድ ጭቃ በስንጥቁ ገብቶ ደርቋል። ጨርቅ አርጥቤ ጠረግኩት፣ አልወጣም። ዘበኛው «ተይው፣ አፈር ወደ አፈር ነው» አለኝ። ጠቀለልኩት፣ ቀበርነው፣ ድንጋይ አስቀመጥን። እጄን ብታጠብም ሙቀቱ እስኪመሽ አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ቁስለኞቹን ሊያይ ሲዞር ከኋላው ነበርኩ። ሰውየው አንሶላውን ገልጦ አይቶታል። ወንድሙም ገና አልደረሰም። ሐኪሙ «እንዴት አደርክ በይው» አለኝ። አልኩት።

ሰውየው አልጮኸም። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ በቀስታ፣ እንዲህ አለ፦ «ለዚህ ሰው ንገሪው። ይቺ ልጅ ያጥብልሃል አለችኝ እንጂ ይቆርጥሃል አላለችኝም በይው።»

የራሴን ክስ እኔው ተሸክሜ ማድረስ ነበረብኝ። ሐኪሙ ይጠብቃል፣ ሲስተሯም ፋሻ ይዛ ትጠብቃለች።

«ምን አለ?»

«አላህ ይስጥህ ይላል» አልኩ።

የሐኪሙ ፊት በራ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሰውየው ጎንበስ አለ። ሰውየው መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ፈገግታ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። የሰማው ቃል የእሱ አለመሆኑን ከዚያ ፈገግታ አወቀ። እንደዚያ የተከሰሰ ሰው አይስቅም። ፊቱን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዞረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን አላናገረኝም። ወንድሙ ሲመጣም ለሐኪሙ የሚነግርለት ሰው አላገኘም፤ ከእኔ ሌላ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል በዚያ ሰሞን አልነበረንም። ዘበኛው በርታኛ ያውቃል፣ አማርኛው ግን ከ«ቁም» እና «እለፍ» አያልፍም። ወንድምየው ዘበኛውን እግሩ የት እንደተቀበረ ጠየቀው፤ ኋላም ወንድሙን ደግፎ ሄደው አዩት። እኔ ሳፋዬ ላይ አጎንብሼ ኮቴያቸውን አዳመጥኩ።

ሳምንታት አለፉ፣ ቁስሉ ዳነ። ሐኪሙ በዚህ ሰው ይኮራ ነበር። አዲስ ሐኪሞች ሲመጡ አልጋው ዘንድ ያቆማቸዋል። «ተመልከቱ፣ ይህ ጓድ ራሱ ወሰነ። ለዚህ ነው በፍጥነት የዳነው። የተጠየቀ ሰው ይድናል» ይላቸዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰውየው ግድግዳውን ሲያይ አያለሁ።

አንድ ከሰዓት ጨርቅ ሳሰጣ ሐኪሙ መጥቶ ከገመዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማንጎ ይዞ ነበር፤ እንደ ሥራው በቀጭኑ እየቆረጠ ይበላል። ያለ ምንም መነሻ ያወራኝ ጀመር። በወጣትነቱ፣ በዚያ በምሥራቁ ጦርነት፣ ብዙ ወታደር በአንድ ቀን ሲመጣ አዛዡ ፍጠን ይለው ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ ቆረጠ። አንድ ልጅ ነበር፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀኝ እጁን አጣ።

«ሰባት ቀን አላናገረኝም። በስምንተኛው ቀን እጄን የት አደረግከው አለኝ። አላውቅም ነበር፤ ተቃጥሏል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ።» ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ። «አንቺ ባትኖሪ ግን ቃሌን እንዴት እጠብቃለሁ? በርታኛ አላውቅም። የእኔ አፍ አንቺ ነሽ፣ ጓድ።»

የያዝኩት አንሶላ እርጥብ ነበር። ከባድ፣ ክንዴ ላይ የተለጠፈ። ያኔ ሁሉንም ልነግረው ፈለግሁ። «ዶክተር» አልኩ። «አቤት?» አለ። «ጸሐይዋ ልትጠልቅ ነው» አልኩና ጨርቁን ገመዱ ላይ ጣልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከተለኝ ጀመር። ቤት ሄጄ እናቴ አንድ ነገር ስጪኝ ስትል እጄ ላይ ክብደቱ ይመጣል። ሙዝ የተሸከመች ሴት መንገድ ላይ ባገኝ በጨርቅ የጠቀለለችው ሌላ ነገር ይመስለኛል። የሚያስፈራኝ እግሩ አልነበረም። የሚያስፈራኝ አንድ ቀን ሰውየው አማርኛ ተምሮ ይነግረዋል የሚለው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ሐኪሙ ሄዶ ይቀራል የሚለው የባሰ አስፈራኝ።

ዝናቡ ሲቃረብ የሐኪሙ ጊዜ አለቀ። በሳምንቱ ሊሄድ ነው። ሰውየውም ክራንች ተሰጥቶት ሊወጣ ነው፤ ወንድሙ ባጃጅ ሊጠራ ወደ መንገዱ ወጣ። ሰውየው ከድንኳኑ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙ በፕላስቲክ ጫማው እየረገጠ መጣ፣ እኔን ጠራኝ።

«ልሰናበተው። እንዲህ በይው፦ በሕይወቴ ብዙ ሰው ቆርጫለሁ። አንተን ግን የማስታውስህ በገዛ አፍህ እሺ ስላልከኝ ነው።»

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። እንዳለው፣ አንድ ቃል ሳልጎድል፣ በቋንቋችን ለሰውየው ነገርኩት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ካዞረበት ከዚያ ጠዋት ወዲህ ያየኝ ያኔ ነው።

«እኔ የምለውንስ ታደርሺለታለሽ?» አለኝ።

«አደርሳለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ተናገረ። እኔም በአማርኛ አልኩ፦ «እሺ ያልኩት ለመታጠብ ነው ይላል። ለመቆረጥ አልተጠየቅሁም ይላል። በማግስቱ ነግሬያት ነበር፣ እሷ ግን ሌላ ነገር ነገረችህ ይላል።» ስለ ራሴ «እሷ» እያልኩ ነው የተናገርኩት። ድምፄ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰለኝ።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «እሷ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መትቶ አያውቅም። አግዳሚው ላይ ከሰውየው ጎን ተቀመጠ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስት እግር መሬት ላይ። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ «እንደገና» አለ በአማርኛ። «እንደገና አደረግኩት።»

ዝናብ ያዘለ ነፋስ ድንኳኑን ይነቀንቀዋል። ሲስተሯ ከውስጥ ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለችና ፊታችንን አይታ ተመለሰች።

«እግሩ የት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ማንጎው ሥር።»

ተነሳ፣ ለሰውየው ክራንቹን አቀበለው፤ ሦስታችንም ሄድን። ሰውየው አስቀድሞ መንገዱን ያውቃል። ድንጋዩ አጠገብ ቆሙ። የወደቀ ማንጎ እዚያው በስብሶ ንብ ይጮህበታል።

«አሁን ጠይቂው» አለኝ ሐኪሙ።

«ምን ብዬ?»

«ያን ቀን ያልኩሽን። ሁሉንም። እንዳልተቆረጠ አድርገሽ ጠይቂው።»

የሞኝ ሥራ መሰለኝ። ሰውየውን አየሁት፤ ይጠብቃል። መሬቱን ሳይሆን ፊቱን እያየሁ፣ በቋንቋችን፣ አንድም ነገር ሳላለሰልስ ተናገርኩ። «አባቴ፣ እግርህ ሞቷል። ሐኪሙ ከጉልበትህ በላይ ዛሬ ይቆርጠዋል። ካልተቆረጠ ሦስት ቀን አትኖርም። ትፈቅዳለህ?» ቃሉ ወራት ዘግይቶም ያስፈራ ነበር።

ሰውየው በእውነት እያሰበ ነበር። የወርቅ ጉድጓድ ሲወርዱ ጀርባ በአንዱ ግድግዳ፣ እግር በሌላው ተደግፎ ነው፤ አንድ እግር ያለው ሰው አይወርድም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ የመንጌ ልጅ ነኝ። ድንጋዩን አየ፣ ሐኪሙን አየ።

«አይሆንም» አለ። «ወንድሜ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ወንድሙ ያን ጊዜ የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው።

«ምን አለ?»

«አይሆንም አለ። ወንድሜ እስኪመጣ እጠብቃለሁ አለ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሙ ሳይደርስ ይሞታል በይው።»

አልኩት። ሰውየው በትዕግሥት፣ ለልጅ እንደሚናገር፣ ደገመው፦ «እጠብቃለሁ።»

«እጠብቃለሁ አለ» አልኩ።

«ሰምቻለሁ በይው» አለ ሐኪሙ።

«ሰምቻለሁ ይላል።»

ሰውየው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ክራንቹን አስተካክሎ ብቻውን ዞረና ሄደ። እኔን አልተሰናበተኝም፣ አልረገመኝምም።

ሐኪሙ ለመሄድ መኪና ላይ ሲወጣ ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። «ነገ ማን ነው የሚጠይቀው?» ብቻ አለኝ። «እኔ» አልኩ። በሩን ዘጋ።

አሁንም የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ ሁሉንም እናገራለሁ። ሰዎች «ልበ ደረቅ» ይሉኛል፤ አንዲት አሮጊት ፊቴ ላይ ተፍታብኛለች። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «ልጄ እስኪመጣ» አለችኝ። እንዳለችው አደረስኩ። አዲሱ ሐኪም «በደንብ አልነገርሻትም ይሆናል» አለ። «ነግሬያታለሁ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ተጠየቀች፣ ሁለት ጊዜ ያንኑ አለች። ጠበቅን። ልጇ ከሞተች በኋላ ደረሰ፤ እናቱ ምን ብላ እንደነበር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

አንሶላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከሳፋው ሳወጣው እንደዚያ እግር ከበደኝ፣ ክንዴ ላይም ተለጠፈ። ገመዱ ላይ እስክሰቅለው ድረስ ያዝኩት።